ሰውየውና መኪናው፦ የአይዛክ ሜሪት ሲንገር ሕይወት ለአሮጌ የስፌት መኪኖች ጥናት ያለው ፋይዳ

በሀገራችን የገበያ ከተሞች በጨርቃ ጨርቅ ሱቆች በረንዳ ላይ የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች በእግር እየረገጡ የሚያንቀሳቅሱት ጥቁር የብረት መኪና፣ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው፣ ሲንጀር ተብሎ ሲጠራ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው ሰቆጣም ከዚህ ልማድ የተለየች አይደለችም። በደጋው ሀገር የልብስ ነገር ሁለት ባለሙያ ይፈልጋል፤ ሸማኔው ድርና ማጉን አገናኝቶ ጋቢና ነጠላ ያወጣል፣ ሰፊው ደግሞ ከሱቅ የተገዛውን ጨርቅ ቀዶ ሱሪ፣ ቀሚስና የተማሪ ልብስ ያደርገዋል። የሸማኔው ዕቃ በአብዛኛው ከአካባቢው እንጨትና ሸንበቆ ይዘጋጃል። የሰፊው መኪና ግን ከሩቅ የመጣ ነው፤ ሲሰበርም መለዋወጫው የሚመጣው ከሩቅ ነው።

በዚህ ምክንያት የአካባቢውን ዕደ ጥበብ ታሪክ ለሚያጠና ሰው አሮጌ የስፌት መኪና እንደ ሰነድ ሊነበብ የሚገባው ዕቃ ነው። ንባቡ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ነው፤ በመኪናው ግንባር ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈው ስም የፈጣሪው ስም ተደርጎ ይወሰድና የመኪናው ታሪክ ሁሉ በአንድ ሰው ብልኀት ይገለጻል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የአይዛክ ሜሪት ሲንገር ሕይወት የሚተረከው እርሱ ለመኪናው ያበረከተው ካላበረከተው እንዲለይ ነው። ላለማምታታት ሰውየው ሲንገር፣ መኪናው ደግሞ በሀገርኛው አጠራር ሲንጀር ይባላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲንገር በኒው ዮርክ ግዛት ፒትስታውን በምትባል የገጠር መንደር ኦክቶበር 27 ቀን 1811 ተወለደ። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ወላጆቹ ተፋቱ፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ታላቅ ወንድሙ ወዳለበት ወደ ሮቼስተር ሄደ። ትምህርቱ ጥቂት ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ከአንድ የማሽን ሠራተኛ ዘንድ ለሙያ ትምህርት ገባ፤ እዚያም ብዙ አልቆየም። ልቡ ያለው ቴአትር ላይ ነበርና ከከተማ ወደ ከተማ ከሚዞሩ ቡድኖች ጋር የሼክስፒርን ተውኔቶች ሲጫወት ኖረ። ገንዘብ ሲያልቅበት ወደ ብረት ሥራ ይመለሳል፣ ገንዘብ ሲያገኝ ወደ መድረክ። በ1839 ለቦይ ቁፋሮ የሚያገለግል የድንጋይ መሰርሰሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብቱን በ2,000 ዶላር ሸጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ገንዘብ ለአውደ ጥናት ባዋለው፤ እርሱ ግን በሁለተኛ ስሙ የተሰየመ የተዋንያን ቡድን አቋቁሞ ገንዘቡ እስኪያልቅ አምስት ዓመት ያህል ተዘዋወረበት።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይህን ዘመን እንደ ወጣትነት ብክነት ማየት ይቀናቸዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ሲንገር ኋላ ለመኪናው ካዋጣው ሁሉ የሚበልጠው የተገኘው ከዚሁ መድረክ ነው። የማያምን ሕዝብ ፊት ቆሞ ዐይን መያዝን የተማረው በቴአትር ነበር፤ የስፌት መኪናም በዚያን ጊዜ ማንም የማያምነው ዕቃ ነበር።

በ1849 ለኅትመት የሚያገለግሉ የእንጨት ፊደላትን የሚቀርጽ መሣሪያ ፈጥሮ መብቱን አስመዘገበ። መሣሪያውን በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ አውደ ጥናት አስቀምጦ ገዢ ሲጠብቅ፣ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1850 የሕንፃው የእንፋሎት ጋን ፈንድቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መሣሪያውም አብሮ ጠፋ። ጆርጅ ዚበር የተባለ መጽሐፍ አሳታሚ ገንዘብ ስለ ሰጠው ሁለተኛ መሣሪያ ሠርቶ ወደ ቦስተን ይዞት ሄደ፤ በኦርሰን ፌልፕስ አውደ ጥናት ቦታ ተከራይቶ አቆመው። ፊደል መቅረጫውን የሚገዛ አልተገኘም። በዚያው አውደ ጥናት ግን ፌልፕስ የሌሮውንና የብሎጀትን የስፌት መኪኖች ይሠራና ይጠግን ነበር፤ መኪኖቹ ብዙ ጊዜ ይበላሹ ስለ ነበር ጥገናው አሰልቺ ሆኖበታል። ሲንገር ስፌት መኪናን ያወቀው እንግዲህ እንደ ፈጣሪ ሳይሆን ሲበላሽ እያየ ነው።

የነበረው መኪና ችግሩ ምን ነበር? መወርወሪያው በክብ መንገድ ይዞር ስለ ነበር ክሩ በየዙሩ ይጠመዘዝና ይበጠስ ነበር። እዚህ ላይ የሀገራችን ሸማኔ ቃል ያለ ትርጉም ያገለግላል፤ የጥንቱ ስፌት መኪና መወርወሪያ በቅርጹ እንደ ሸማኔው መወርወሪያ ጀልባ መሰል ሲሆን፣ በሆዱም እንደ ቀሰም የታችኛውን ክር የያዘ ማጠንጠኛ ይሸከማል። ሲንገር መወርወሪያው በቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ እንዲሄድ፣ የጎበጠው መርፌ ቀርቶ ቀጥ ያለ መርፌ ከላይ ወደ ታች እንዲወጋ፣ ጨርቁም በአግድም ጠረጴዛ ላይ እንዲተኛ አደረገ። ጨርቁን ከላይ የሚጫን እግር፣ ከታች ደግሞ ያለማቋረጥ የሚገፋ ጥርስ ያለው መንኮራኩር ጨመረ። በእግር የሚረገጠውም አሠራር ከእርሱ መኪና ጋር ተስፋፋ፤ የሰፊው ሁለት እጆች ነጻ ወጡ። ይህ ሁሉ በ11 ቀንና በ40 ዶላር ተበድሮ እንደ ተሠራ ይነገራል። የፈጠራ መብቱ በኦገስት 12 ቀን 1851 ተሰጠው።

የረቀቁት ሐሳቦች ግን ከእርሱ በፊት የነበሩ ናቸው። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒዬ በ1830 መብት አግኝቶ 80 ያህል መኪኖች የወታደር ልብስ ሲሰፉለት ነበር፤ ሥራችንን ሊቀማን ነው ያሉ ሰፊዎች በቀጣዩ ዓመት ገብተው ሰባበሩበት። በኒው ዮርክ ዋልተር ሀንት በ1830ዎቹ ቀዳዳው በጫፉ ላይ የሆነ መርፌና ሁለት ክር የሚያቆላልፍ ስፌት ሠርቶ ነበር፤ መብቱን ሳያስመዘግብ ተወው፤ ምክንያቱ በእጃቸው ሰፍተው ለሚያድሩ ድኻ ሴቶች መራራቱ እንደሆነ ይተረካል። ኢላያስ ሀው ደግሞ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1846 የዚሁኑ ዓይነት መርፌና የተቆላለፈ ስፌት መብት ያዘ። የሀው ቤተሰብ በችግር ላይ ሳለ ሚስቱ ሌሊት እየሰፋች ቤቱን ትደጉም ስለ ነበር፣ መኪናውን ያሰበው የእርሷን ድካም እያየ ነው የሚል ታሪክ አለ።

ይህ ታሪክ ከባለቤቱ ተለይቶ ሩቅ ተጉዟል። የማሽን ሥልጣኔን አጥብቀው ይነቅፉ የነበሩት ማኅተማ ጋንዲ በ1924 ከአንድ ተማሪ ጋር ባደረጉት ውይይት ስፌት መኪናን ከነቀፋቸው ነጻ አድርገዋል፤ ምክንያታቸውም ሲንገር የሚስቱን አድካሚ የእጅ ስፌት አይቶ በፍቅር ተነሣሥቶ የፈጠረው ነው የሚል ነበር። የሲንገርን ቤት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ምስክርነቱ ግን ለተመራማሪ ጠቃሚ ነው፤ ስሙ በመኪናው ላይ ስለ ተጻፈ ብቻ የሌላ ሰው ታሪክ ለሲንገር ተሰጥቷል።

የመጀመሪያው ሽርክና የሦስት ሰዎች ነበር፤ ፌልፕስ አውደ ጥናቱን፣ ዚበር ገንዘቡን፣ ሲንገር ሐሳቡን አዋጡ። ፌልፕስ ብዙም ሳይቆይ ድርሻውን ትቶ እንዲወጣ ተደረገ። የዚበር አወጣጥ ይበልጥ ያሳዝናል። ታሞ ተኝቶ ሳለ ሲንገር መጥቶ ሐኪሙ እንደማይድን ተናግሯል ብሎ አስፈራራው፤ ዚበርም ለቤተሰቡ ገንዘብ ለመተው ሲል ድርሻውን በ6,000 ዶላር ለቀቀ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም ነበር፤ ዚበርም ዳነ። የሲንገርን ሕይወት በጀግንነት ብቻ የሚተርኩ ጽሑፎች ይህን ክፍል ዘልለውት ያልፋሉ፤ ያለ ዚበር ገንዘብ ግን የቦስተኑ መኪና አይሠራም ነበር።

በእነዚህ ሁለት ሰዎች ቦታ በ1851 የገባው ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ ጠበቃ ነው። ሁለቱ በጠባይ የሚጣጣሙ ሰዎች አልነበሩም፤ ክላርክ ጸጥተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚና ቁጥብ፣ ሲንገር ጯሂ፣ ተቆጪና ገንዘብ በታኝ ነበር። ኢላያስ ሀው መብቴ ተደፍሯል ብሎ ከስሶ በ1854 ሲንገር 15,000 ዶላር እንዲከፍል ሲገደድ፣ ፍልሚያውን የመራው ክላርክ ነበር። በ1856 አራቱ ዋና የመብት ባለቤቶች፣ ማለትም ሀው፣ የሲንገር ኩባንያ፣ ዊለርና ዊልሰን፣ ግሮቨርና ቤከር፣ እርስ በርስ መካሰሱን ትተው መብቶቻቸውን በአንድ ላይ አኖሩ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ስፌት መኪና የሚሠራ ሁሉ ለጥምረቱ ይከፍል ጀመር፤ ሀውም በዚህ ባለጸጋ ሆነ። የመጨረሻው የጋራ መብት በ1877 ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ሥርዓቱ ጸና።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትልቁ ዓመት ይኸው 1856 ነው። አንድ መኪና 100 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር፤ አንድ ተራ የአሜሪካ ቤተሰብ በዓመት የሚያገኘው 500 ዶላር ገደማ ነበር። ክላርክ ገዢው ጥቂት ቅድሚያ ከፍሎ መኪናውን ወደ ቤቱ እንዲወስድና ቀሪውን በየወሩ እንዲከፍል ፈቀደ። ከአንድ ዓመት በፊት 883 የነበረው ሽያጭ በ1856 ወደ 2,564 ወጣ፣ በ1860 ደግሞ ወደ 13,000 ደረሰ። ሲንገር በበኩሉ የሚያውቀውን ሠራ፤ መኪናውን በየትርኢቱና በየአዳራሹ እየዞረ አሳየ፣ በሱቅ መስኮት ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው እንዲሰፉ ተደረገ፣ ሴት ማሽን አትችልም የሚለው የዘመኑ አስተያየት በዐይን ምስክር ተረታ።

ክላርክ በዚያው ጊዜ ሌላ ብልኀት አወጣ። የማንኛውንም ፋብሪካ አሮጌ መኪና ያመጣ ሰው አዲስ ሲገዛ 50 ዶላር ይቀነስለታል፤ ኩባንያው የተረከባቸውን አሮጌዎች ግን መልሶ አይሸጥም፣ ይሰባብራቸዋል። ዓላማው የአሮጌ መኪና ገበያ እንዳይፈጠር ነበር። የ1850ዎቹ መኪኖች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ብርቅ የሆኑት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ መኪና ብዙ ዕድሜ የኖረው አዲስ በቀላሉ በማይገኝበት ሀገር ነው፤ በአሜሪካ መዶሻ ያገኘው ዓይነት ዕቃ በእኛ ዓይነት ሀገር ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ሀብት ሲመጣ የሲንገር የቤት ነገር ተገለጠ። በ1830 ካገባት ከካትሪን ሄሊ ሁለት ልጆች ነበሩት። እርሷን ሳይፈታ በ1836 ከተዋወቃት ከሜሪ አን ስፖንስለር ጋር በባልና ሚስት ወግ ኖሮ ዐሥር ልጆች ወለደ፤ የድህነቱን ዘመን አብራው ያሳለፈችው፣ በመድረክም በአውደ ጥናትም የደከመችው እርሷ ነበረች። በ1860 በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና በሠረገላ ስታልፍ ሲንገርን ከሌላ ሴት ጋር ተቀምጦ አየችው፤ በተፈጠረው ጠብ እርሷን ደበደባት፣ እርሷም ከሰሰችው። በምርመራው በዚያችው ከተማ በተለያየ ስም ሌሎች ሁለት ቤቶች እንዳሉት ታወቀ። ሲንገር ወደ ኤውሮፓ ሸሸ። ከአምስት ሴቶች የተወለዱት ልጆቹ በጠቅላላው 24 እንደሚደርሱ ተመዝግቧል።

ለክላርክ ይህ ቅሌት ለቤተሰብ መኪና ለሚሸጥ ድርጅት የማይታገሡት ነገር ነበር። በ1863 ሽርክናው ፈርሶ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ ሁለቱም እኩል ድርሻ ያዙ፣ አንዱ በሕይወት ሳለ ሌላው ፕሬዚዳንት እንዳይሆንም ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ሲንገር በመኪናው አሠራርም ሆነ በድርጅቱ አመራር እጁ የለበትም። በዚያው ዓመት በፓሪስ የተዋወቃትን ኢዛቤላ ቦየርን አገባ፤ እስከ 1870 በፓሪስ ኖሩ፤ የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲጀመር ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ።

የእነዚያን ዓመታት የዋግን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ዘመኑን በሌላ መልኩ ያስታውሰዋል። ሲንገር በፓሪስ ሀብቱን ሲበላ፣ የዋጉ ገዢ ዋግሹም ጎበዜ በ1868 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በዚያው ዓመት ከመቅደላ የተመለሰው የእንግሊዝ ጦር ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ የተወውን መሣሪያ በጁላይ 1871 በዐድዋ አጠገብ ቀመሱት፤ ድል ሆነው ተማረኩ፣ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የፋብሪካ ብረት በዋግ ታሪክ ላይ ከባድ አሻራውን ያሳረፈው በመርፌ ሳይሆን በጠመንጃና በመድፍ በኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሲንገር በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ፔንተን በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ትልቅ መኖሪያ ማሠራት ጀመረ፤ በውስጡም ቴአትር እንዲኖር አዝዞ ነበር። ሕንፃው ሳይጠናቀቅ በጁላይ 23 ቀን 1875 ዐረፈ፤ በቶርኪ ተቀበረ። ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ተወ። በኑዛዜው ላይ ሜሪ አን ስፖንስለር ሕጋዊ ሚስቱ እኔ ነኝ ብላ ተከራከረች፤ ፍርድ ቤት ግን ሕጋዊቷ መበለት ኢዛቤላ ናት ሲል ወሰነ። ከልጆቹ መካከል ዊናሬታ በፓሪስ የእነ ስትራቪንስኪና ሳቲ የሙዚቃ ደጋፊ ሆና ስሟ ተጠርቷል። ክላርክ በ1876 ፕሬዚዳንት ሆነ።

ሲንገር በሞተበት ዓመት ኩባንያው ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖች ሸጦ ነበር፤ ይሁንና የእነዚህ መኪኖች ክፍሎች ከአንዱ ወደ ሌላው አይዛወሩም ነበር። ሠራተኞች እያንዳንዱን ክፍል በሞረድ ሞርደው ከጎረቤቱ ጋር ያገጣጥሙታል፤ እንዳይለያይም የመኪናውን ቁጥር ይመቱበታል። ሌሎች አሜሪካውያን ፋብሪካዎች ከጦር መሣሪያ ሥራ የተማሩትን ወጥ ልክ ቀደም ብለው ሲከተሉ፣ የሲንገር ኩባንያ እስከ 1880ዎቹ ድረስ በሞረድ ሥራ ቆየ። እንግዲህ ከዚያ ዘመን የቀረ መኪና ያገኘ ጠጋኝ የጎደለውን ክፍል ከሌላ መኪና ነቅሎ ሊተካ አይችልም፤ እንደገና መሞረድ አለበት። ዛሬ ሲንጀርን በቀላሉ የሚጠገን ዕቃ ያደረገው የመለዋወጫ መመሳሰል በአመዛኙ ስሙ ከተጻፈበት ሰው ሞት በኋላ የመጣ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የፋብሪካዎች ታሪክ ነው። በስኮትላንድ ክላይድባንክ በ1885 የተከፈተው ፋብሪካ ከዓለም ትልቁ ሆነ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበረው አንድ ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪኖች አወጣ፤ በ1980 ተዘጋ። በሩሲያ ፖዶልስክና በጀርመን ቪተንበርገም ፋብሪካዎች ነበሩት። ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ወዲህ በመኪናው መቀመጫ ላይ ከቁጥሩ በፊት የላቲን ፊደል ይመታል፤ ኤፍ፣ ጄይ ወይም ዋይ ከሆነ መኪናው የክላይድባንክ ነው። ፊደል የሌለው ቁጥር ከዚያ ቀደም ያለ ዘመን ያመለክታል። ቁጥሩ ከኩባንያው መዝገብ ጋር ሲመሳከር የተመደበበትን ዓመት ይሰጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች 15 የተባለውን ዓይነት ቀድተው በብዛት ሠሩ፣ ሕንድና ቻይናም ተከተሉ። ስለዚህ በአንድ በረንዳ ላይ ሲንጀር የሚባለው መኪና የቻይና ቢራቢሮ ሆኖ ቢገኝ ስያሜው የተሳሳተ አይደለም፤ አካሉ በእርግጥም የ15 ግልባጭ ነው።

ዓይነቱን መለየት ለጥገና ወሳኝ ነው። 15 የሚጠቀምበት መርፌ ዛሬም በየገበያው ይገኛል፤ ከ1865 ጀምሮ የወጣው 12 የተባለው አሮጌ ዓይነት ግን መርፌው መሠራት ካቆመ ቆይቷል፣ መኪናው ደኅና ሆኖ ያለ መርፌ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። የደረቀ ዘይት ያነቀውን መኪና ላምባ ያላቅቀዋል። አልኮል ግን የወርቅማውን ጌጥ መሸፈኛ ያሟሟል፤ የምግብ ዘይትም ለጊዜው አለስልሶ ኋላ እንደ ሙጫ ይይዛል።

ለቤተ መዘክር የሚሰበስቡ ሰዎች የዛገውን አጥበው፣ አዲስ ጌጥ ለጥፈው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ለማስመሰል ይደክማሉ። በሰቆጣ ወይም በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች ለሚደረግ ምዝገባ ይህን መንገድ መከተል ይጎዳል። በእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ የሰፊው ክንድ ያሰረጎደው ቦታ፣ በፋብሪካው ጠፍር ምትክ የገባው የቆዳ ጠፍር፣ በአንጥረኛ እጅ የተሞረደ ብሎን ክላይድባንክ በሚገኝ መዝገብ ላይ የማይገኝ ማስረጃ ነው። የምዝገባው ቅጽ የመጀመሪያ ዓምድ የመኪናው ቁጥር ይሁን፤ ሁለተኛው ግን ምን እንደ ተለወጠለትና ማን እንደ ጠገነው የሚጠይቅ ሊሆን ይገባል፤ መልሱም አረጋውያኑ ሰፊዎች ሳያልፉ በአማርኛም በኽምጣናም ሊቀዳ ይገባዋል።